ከፓሪስ መጽሔት የጎንደር ፎቶ ይወጣል ወይ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጎንደር ነው። ቅዳሜና እሁድ የፎቶግራፍ ኮርስ እማራለሁ። የመጨረሻ ሥራችን ስድስት ፎቶ ነው። እኔ የመረጥኩት አጎቴን፣ የእናቴን ወንድም ነው። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ የሀገር ልብስ ይሰፋል። ሱቁ ጠባብ ነው፤ በሩ ሰማያዊ ቆርቆሮ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ በኩል ብቻ ነው።

መምህራችን ካሜራ ከመያዛችን በፊት ከመጽሔት ፎቶ እየቆረጥን ሙድ ቦርድ (የምናነሳው ፎቶ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ የሚያሳይ የቁርጥራጭ ፎቶ ሰሌዳ) እንድንሠራ አዘዘን። ከፀጉር ቤት የውጭ ፋሽን መጽሔቶች፣ አንድ የአየር መንገድ መጽሔትና የሠርግ ካታሎግ አገኘሁ። ደስ የሚሉኝን ፎቶዎች ሁሉ ቆርጬ ለጠፍኩ። መምህሩ አየና «ቆንጆ ነው፤ ግን አጎትሽን እንዴት እንደምታነሺው አልነገረኝም» አለኝ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና ሠርቼ ማቅረብ አለብኝ።

የፓሪስ ሞዴልና የሽቶ ማስታወቂያ ለጎንደር ልብስ ሰፊ ምን ይረባል? ደግሞስ የሰው ፎቶ እያዩ ማንሳት መኮረጅ አይደለም? የክፍል ጓደኞቼ በስልካቸው ፒንተረስት በተባለ የፎቶ መሰብሰቢያ ድረ ገጽ ላይ በአንድ ማታ ጨረሱ። እናቴ ደግሞ «ቤቱን በወረቀት ሞላሽው፣ ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው» ትላለች። ምን ላድርግ?

ወረቀት ቆራጯ፣ ከጎንደር

መልስ

እህቴ ወረቀት ቆራጯ፣

መምህርሽ ልክ ነው። ምክንያቱንም አንቺው በደብዳቤሽ ጽፈሽዋል። «ደስ የሚሉኝን ፎቶዎች ሁሉ» ብለሻል። ሰው ደስ የሚለውን ፎቶ ሲመርጥ አይኑ የሚያርፈው ዕቃው ላይ ነው። ቀሚሱ ያምራል፣ ሰዓቱ ያምራል፣ ልጅቷ ታምራለች። አጎትሽ ሱቅ ውስጥ ግን ያ ቀሚስም ያ ሰዓትም ያቺ ልጅም የሉም። ቦርድሽን ይዘሽ ሱቁ ብትገቢ የሚረዳሽ ነገር አታገኚበትም።

አሁን መጽሔቶቹን እንደ አዲስ ስትገልጪ ዕቃውን እርሺው። ፎቶው እንዴት እንደተነሳ እዪ። ብርሃኑ ከየት መጣ? ካሜራው ከሰውዬው ምን ያህል ይርቃል? ከአይኑ ከፍ ብሎ ነው ወይስ ዝቅ ብሎ? ስንት ቀለም አለ? ከጀርባ ያለው ነገር ይታያል ወይስ ደብዝዟል? በዚህ አይን ስታዪው የሽቶ ማስታወቂያው ለልብስ ሰፊም ይሆናል። ጠርሙሱ ላይ ከጎን የወደቀው ብርሃን አጎትሽ መቀስ ላይም ሊወድቅ ይችላል። ሙድ ቦርድ የሚሠራው ይሄን አስቀድሞ ለመወሰን ነው። ሱቁ ውስጥ ቆመሽ፣ አጎትሽ ሥራ ይዞ፣ ደንበኛ በር ላይ ቆሞ መወሰን ከባድ ነው። ቤት ውስጥ፣ ወለል ላይ ተቀምጠሽ፣ ወረቀት እያዟዟርሽ ግን ትችያለሽ።

የውጭ መጽሔት ለጎንደር ምን ይረባል ላልሽው መልሱ እዚያው ከተማሽ ውስጥ አለ። የጎንደር ዘመን ሠዓሊዎች ከውጭ የመጡ የታተሙ ሥዕሎችን እያዩ ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ውስጥ በዓረብኛ የታተመ ወንጌል አለ። አንቶኒዮ ቴምፔስታ የተባለ ጣሊያናዊ የነደፋቸው፣ በእንጨት ተቀርጸው የታተሙ ሥዕሎች አሉበት። እነዚያ ሥዕሎች አገራችን ደርሰው በጎንደር የብራና መጻሕፍት ውስጥ በአዲስ መልክ ተሣሉ። ሮም ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ ቅጂዋ ኢየሱሳውያን በተባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያን በኩል መጣ። ሠዓሊዎቻችን አቀማመጡን ወሰዱ። እጅ በእጅ ላይ የተደራረበበትን፣ መጎናጸፊያው ራስን የሸፈነበትን አኳኋን ያዙ። ፊቱን፣ አይኑንና ቀለሙን ግን የራሳቸው አደረጉት። ዛሬ ያንን ሥዕል የሚያይ ሰው የኢትዮጵያ ሥዕል መሆኑን ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም።

ስለዚህ የፓሪስ መጽሔት ይዘሽ ጎንደር መቀመጥሽ አያሳፍርሽ። እነሱ ያደረጉትን አድርጊ። አቀማመጡን ውሰጂ፤ ፊቱን ለአጎትሽ ተዪለት።

ብዙውን ጊዜሽን ለብርሃን ስጪ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ፎቶ ላይ ብርሃን ማንበብ ይለመዳል፤ አንድ ምሽት ይበቃሻል። ሰው ያለበትን ገጽ ያዢና መጀመሪያ የአፍንጫውን ጥላ ፈልጊ። ወደ ከንፈር ከወረደ ብርሃኑ ከላይ ነው። ወደ ጉንጭ ከሄደ ከጎን ነው። ጥላው ጨርሶ ከሌለ ብርሃኑ ከፊት ለፊት መጥቷል፣ ወይም ከሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው። ቀጥሎ የጥላውን ጠርዝ እዪ። ጥርት ያለ ከሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ ወይም ፍላሽ ነው። ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ እያለ የሚሻገር ከሆነ ደመና፣ መስኮት ወይም በር ነው። ከዚያ አይኑን በጣም ቀርበሽ እዪ። ብሌኑ ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ አለች። አራት ማዕዘን ከሆነች መስኮት ወይም ሶፍትቦክስ (በነጭ ጨርቅ የተሸፈነ የስቱዲዮ መብራት) ነበረ። ክብ ከሆነች የስቱዲዮ ጃንጥላ ወይም ክብ መብራት ነበረ። ብርሃኑ ከየት እንደመጣና ፎቶ አንሺው በምን እንዳበራ ያቺ ነጥብ ትነግርሻለች።

የአጎትሽ ሱቅ ብርሃን የሚያገኘው በአንድ በር ብቻ ነው ብለሻል። እንደ ችግር የጻፍሽው መሰለኝ። እኔ ግን ሳነበው ደስ አለኝ። ከአንድ ወገን ብቻ የሚገባ ለስላሳ ብርሃን ፎቶ አንሺዎች ስቱዲዮ ውስጥ ብዙ ደክመው የሚሠሩት ነገር ነው። አጎትሽ በነፃ አለው። የስፌት መኪናው በሩ አጠገብ ከሆነ ብርሃኑ ከጎኑ ይመጣል። ግማሽ ፊቱ ይበራል፣ ግማሹ ይጨልማል፣ ጨርቁ ላይ ያለው እያንዳንዱ እጥፋት ይታያል።

በሩ ወደ የት እንደሚመለከት ግን አልጻፍሽም። እሱን እወቂ። ወደ ምሥራቅ ከሆነ ጠዋት ቀጥተኛ ፀሐይ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ይለሰልሳል። ወደ ምዕራብ ከሆነ ተቃራኒው ነው። መጽሔቱን ከመቁረጥሽ በፊት አንድ ቀን ጠዋትም ከሰዓትም ሱቁ ሂጂና ብርሃኑ ወለሉ ላይ እስከ የት እንደሚደርስ እዪ። ካሜራ አትያዢ። ከዚያ ተመለሺና ያንን ብርሃን የሚመስል ፎቶ ብቻ ፈልጊ። የሠርግ ካታሎጉ አብዛኛው ያኔ ይወድቃል። ከፊት ለፊት በፍላሽ የተነሳ ነውና ፊቱ ሁሉ ጠፍጣፋ ነው፤ አጎትሽ ሱቅ ውስጥ እንደዚያ ያለ ብርሃን የለም።

ስለ ውጭ ፎቶዎች አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ጋ ይሸወዳሉ። የአውሮፓ መጽሔት ላይ ደጅ የተነሱ ፎቶዎች ብዙ ጊዜ ፀሐያቸው ዝቅ ያለ፣ ጥላቸው ረጅም ነው። እዚያ ያንን ብርሃን በቀትር ጭምር ሊያገኙት ይችላሉ። ስቶክሆልም በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአድማስ በላይ ወደ 7 ዲግሪ ብቻ ናት። በዚያው ቀን ጎንደር እኩለ ቀን ላይ ወደ 54 ዲግሪ ትወጣለች። በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ደግሞ ቀጥ ብላ አናትሽ ላይ ትቆማለች። እኛ ጋ ያ ዝቅ ያለ ብርሃን የሚገኘው ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል፣ ከመጥለቋም በፊት አንድ ሰዓት ያህል ነው። ፀሐይዋ ቸኩላ ነው የምትወጣው፤ በሰዓት ወደ 14 ዲግሪ ገደማ።

ስለዚህ የደጅ ፎቶ ቦርዱ ላይ ካስቀመጥሽ ከጎኑ ሰዓት ጻፊበት። «ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል» ብለሽ። ይሄን ካልጻፍሽ 6 ሰዓት ላይ ካሜራሽን ይዘሽ ገበያው መሃል ትቆሚያለሽ። የምታገኚው አይኑ ሥር ጥቁር ጥላ የተኛበት ፊት ነው። ያኔ ቦርዱ ዋሸኝ ትያለሽ። ሥራው ክረምት ላይ ከዋለ ደግሞ ሌላ ነው። ደመናው ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጥሻል፤ ረጅም ጥላ ያለባቸውን ፎቶዎች በሙሉ ከቦርዱ አውጪ።

አሁን ወደ መኮረጁ። ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ ብዙዎች ሳይጠይቁት ያልፋሉ። የእኔ ደንብ ይሄ ነው። ከአንድ ፎቶ አንድ ነገር ብቻ ውሰጂ፤ የወሰድሽውንም ከጎኑ በብዕር ጻፊ። ከሽቶው ማስታወቂያ «ብርሃን ከግራ»። ከሰዓቱ ማስታወቂያ «ይሄን ያህል ቅርብ»። ከፋሽኑ ገጽ «ካሜራው ከወገብ ከፍታ»። ከአንድ ፎቶ ብርሃኑንም አቀማመጡንም ቀለሙንም ከወሰድሽ ኮረጅሽ፤ ያንን ፎቶ የሚያውቅ ሰው ወዲያው ያውቅብሻል። ከስድስት ፎቶ አንድ አንድ ነገር ወስደሽ አጎትሽ እጅ ላይ ስታሳርፊው ግን የሚወጣው ፎቶ በየትኛውም መጽሔት ላይ የለም። ሁለት ቃል ልትጽፊለት ያልቻልሽው ፎቶ ካለ፣ ምንም ቢያምር ከቦርዱ አውጪው። መምህርሽ «አልነገረኝም» ያለሽ ለዚህ ነው።

ሕጉን በተመለከተ አትጨነቂ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለማስተማር ሲባል የታተመ ሥራን በመጠኑ መጠቀምን ይፈቅዳል። ክፍል ውስጥ መስቀልሽ ችግር የለውም። የሌላ ሰው ፎቶ ያለበትን ቦርድ የራስሽ ሥራ አስመስለሽ ቴሌግራም ላይ መልቀቅ ግን ነውር ነው።

ሙሉ ገጽ እንዳለ አትለጥፊ። ከካርቶን ሁለት ማዕዘን ቁረጪ፤ እያንዳንዱ፣ አናጢ የሚለካበትን ማዕዘን ይምሰል። ሁለቱን ፊት ለፊት አድርገሽ ገጹ ላይ ስታስቀምጫቸው መሃላቸው ላይ የሚጠብና የሚሰፋ መስኮት ይከፈታል። እሱን እያንሸራተትሽ ገጹን እዪ። የፋሽን ሞዴሏ ፊት አያስፈልግሽም። ክርኗ ጋ ያለው የጨርቅ እጥፋትና ጣቶቿ ግን ያስፈልጉሽ ይሆናል። የምትፈልጊው ፎቶ ብዙ ጊዜ በሌላ ፎቶ ጥግ ላይ ነው ያለው። ይሄ መስኮት ለሌላም ይጠቅምሻል። ሱቁ ውስጥ ቆመሽ በእሱ በኩል እዪ፤ ካሜራ ሳትይዢ ፍሬም መምረጥ ትለምጃለሽ።

ስለ ርቀት ደግሞ እንነጋገር። ስድስት ፎቶ አንድ ታሪክ ይናገር ከተባለ ስድስቱም ከአንድ ቦታ መነሳት የለባቸውም። ላይፍ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ በየሳምንቱ ሲወጣ የፎቶ ታሪክን ለብዙ ሰው ያስለመደ ነው። በዚያ አሠራር ፎቶ አንሺው ሰፊውንም፣ መካከለኛውንም፣ ቅርቡንም፣ የሰውዬውን ፊትም፣ ከሌላ ሰው ጋር ሲነጋገርም ይዞ ይመለሳል። ያንቺ የአየር መንገድ መጽሔት ላይ ያሉት የጉዞ ጽሑፎችም በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ እሱን ከመቀደድሽ በፊት አንዱን ጽሑፍ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ገልጠሽ ፎቶዎቹን ብቻ ተከተዪ። መጀመሪያ ሁለት ገጽ የሞላ ሰፊ ፎቶ፣ ከዚያ ሰው፣ ከዚያ እጅ ወይም ምግብ በቅርብ፣ ከዚያ እንደገና ሰፋ ያለ። አዘጋጁ ያንን ቅደም ተከተል በከንቱ አልመረጠውም።

ላንቺ ሥራ እኔ እንዲህ አስቤዋለሁ፤ አንቺ ቀይሪው። ከመንገዱ ማዶ ሰማያዊው በርና ከፊቱ የሚያልፈው ሰው። ከዚያ አጎትሽ ከራሱ እስከ ፔዳሉ፣ እግሩም ይታይ። ከዚያ ጣቶቹ መርፌው ሥር፣ ጥለቱን ሲያስገቡ፣ ሌላ ምንም ሳይታይ። ከዚያ ፊቱ፤ ሥራ ላይ ሳይሆን ቀና ባለ ጊዜ። ከዚያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ደንበኛ ሲለካ። መጨረሻ ላይ ልብሱ ተጠናቆ በፌስታል ከሱቁ ሲወጣ። አሁን ለእያንዳንዳቸው ከመጽሔት አንድ አንድ ርቀት ፈልጊላቸው። ለሦስተኛው የሰዓት ማስታወቂያ የሚያህል የለም፤ እነዚያ ፎቶ አንሺዎች በጣም ቀርበው ማንሳት ያውቁበታል። ለመጀመሪያው ፋሽን መጽሔት አይረዳሽም፤ የጉዞ ጽሑፍ ይሻልሻል።

የአየር መንገዱ መጽሔት ላይ የፋሲል ግቢ ፎቶ ካለ ቦርዱ ላይ እንዳትለጥፊው እለምንሻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ነው፤ እኔም እወደዋለሁ። ግን ጎንደር መሆኑን ለማሳወቅ ብለው ሁሉም ይጨምሩታል፤ የፎቶ ታሪኩም ወዲያው የጉብኝት ማስታወቂያ ይሆናል። የአጎትሽ ሱቅ ጎንደር ነው። የሚሰፋው ልብስ ጎንደር ነው። ግንቡን ለሌላ ሥራ አቆይው።

ቀለም ላይ ቆጥቢ። ሰማያዊ በር፣ ነጭ ጨርቅ፣ ጥቁር የስፌት መኪና አለሽ፤ ጥለቱም የራሱ ቀለም አለው። ይሄ በቂ ነው። ከማስታወቂያዎች ላይ ንጹህ ቀለም ያለባቸውን ቦታዎች በጣት ስፋት ቁረጪና ቦርዱ ሥር በረድፍ ደርድሪያቸው። ሰማያዊዋን ቁራጭ ይዘሽ ሂጂና በሩ ላይ አስጠጊያት። ካልተመሳሰሉ ሌላ ፈልጊ። ከነዚህ ቀለሞች ጋር የማይሄድ ፎቶ ካለ፣ ብርሃኑ ጥሩ ቢሆን እንኳ፣ በጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ አድርገሽ ተጠቀሚበት። በጥቂት ቀለም ምን መሥራት እንደሚቻል ማየት ከፈለግሽ የአይዳ ሙሉነህን ሥራዎች እዪ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫና ነጭ ይዛ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት ፎቶ አንሺ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለውን የፎቶ ፌስቲቫል የመሠረተችውም እሷ ናት። ቀለሞቿን አትውሰጂ፤ ቆጣቢነቷን ውሰጂ።

ነጩ ጨርቅ ለብቻው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ካሜራ ፍሬሙን የሞላ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ያጠቁረዋል። የሀገር ልብሱ ግራጫ ሆኖ ይወጣል። ሱቁ ውስጥ ስታነሺ ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ወደ ፕላስ አንድ ገፋ አድርጊው። ፀሐይ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ነጩ ይነድና ክሩ ይጠፋል። ለዚህም ቦርዱ ላይ አንድ ፎቶ ይኑርሽ፤ ነጭ ልብስ ለብሶ ክሩና እጥፋቱ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ሰው። የአልጋ ልብስ ማስታወቂያም ቢሆን ግድ የለም። ስታነሺ የካሜራሽን ስክሪን ከእሱ ጋር ታስተያያለሽ።

ጓደኞችሽ በስልክ በአንድ ማታ መጨረሳቸው አያስደንግጥሽ። ፒንተረስት አንድ ፎቶ ስትነኪ እሱን የሚመስል መቶ ያመጣልሻል። ስለዚህ ቶሎ ያልቃል፤ የሁሉም ቦርድም ይመሳሰላል። አንቺ ጋ ያሉት መጽሔቶች ጥቂት ናቸው፤ ያ ጥቅም ነው። የፈለግሽው ስለማይገኝ ያለውን በደንብ ማየት ትገደጃለሽ። ስልክሽን ለአንድ ነገር ብቻ ተጠቀሚበት። ቦርዱን ፎቶ አንሺውና ጥቁርና ነጭ አድርጊው። ከሩቅ ስታዪው አንዱ ፎቶ ብቻውን የሚጮህ ከሆነ እሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ አይደለም።

ኮላውን ደግሞ አሁን አታውጪ። አቢ ዋርቡርግ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪ ነበር። ከ1924 እስከ 1929 እ.ኤ.አ. በጥቁር ጨርቅ የተሸፈኑ ትልልቅ ሰሌዳዎች ላይ የሥዕል ፎቶዎችን፣ የጋዜጣና የማስታወቂያ ቁራጮችን ጎን ለጎን ያስቀምጥ ነበር። አላጣበቃቸውም። ያነሳቸዋል፣ ያዛውራቸዋል፣ የደረሰበትን ሰሌዳ ፎቶ ያስነሳና እንደገና ይበትነዋል። ሲሞት ከ60 በላይ ሰሌዳዎች ትቷል። ካርቶንሽን በጥቁር ወይም በግራጫ ጨርቅ ሸፍኚና በስፒል ያዢያቸው። ነጭ ወይም አበባ ያለበት መደብ ፎቶዎቹን ያደበዝዛቸዋል። አንድ ሌሊት ተዪው። ጠዋት ስታዪው ቢያንስ ሁለቱ አስቀያሚ ይሆኑብሻል። አውጫቸው። መጨረሻ ላይ ዘጠኝ ወይም አሥር ፎቶ ቢቀርሽ በቂ ነው። ማጣበቅ ካለብሽ ደረቁን፣ እንደ ሊፒስቲክ የሚሽከረከረውን ኮላ ግዢ። የዱቄት ሙጫ የመጽሔት ወረቀት ላይ ይጨማደዳል።

ተጨማሪ መጽሔት ካስፈለገሽ ብዙ ቦታ አለ። ሆቴሎች እንግዳ ጥሎት የሄደውን ያከማቻሉ። ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ፣ የመድኃኒት ቤት ብሮሸር፣ የድርጅቶች ዓመታዊ ሪፖርት ጥሩ ጥሩ ፎቶ አላቸው። ፒያሳ አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጡ ልጆችንም ጠይቂ። ከመቁረጥሽ በፊት ግን ባለቤቱን አስፈቅጂ። የቤተ መጻሕፍት መጽሔት ላይ መቀስ አታሳርፊ፤ ፎቶኮፒ ይበቃል።

እናትሽን በተመለከተ፣ ቁርጥራጩን ሰብስበሽ ፌስታል ውስጥ ክተቺ፤ በዚህ እሷ ልክ ናት። ከዚያ አጠገብሽ አስቀምጫትና የመረጥሻቸውን የሰው ፎቶዎች አሳዪአት። «ከነዚህ ውስጥ ወንድምሽ ሲቀመጥ የሚመስለው የትኛውን ነው?» በያት። ከልጅነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። አንገቱን እንዴት እንደሚሰብር፣ ሲያስብ እጁን የት እንደሚያሳርፍ፣ ሲስቅ ፊቱን ወደ የት እንደሚያዞር ትነግርሻለች። የአራተኛው ፎቶሽ አቀማመጥ ከእሷ ነው የሚመጣው። ከየትኛውም መጽሔት ያንን አታገኚም።

ከመቅረብሽ በፊት ቦርዱን ለአጎትሽም አሳዪው። እንዲህ አድርጌ ላነሳህ ነው በዪው። የማይፈልገው ነገር ካለ አሁን ይናገር። ደንበኛው ሲለካ ማንሳት ከፈለግሽ ደንበኛው ራሱ መፍቀድ አለበት፤ ሴት ደንበኛ ከሆነች ደግሞ ይበልጥ። እምቢ ካሉ አምስተኛውን ፎቶ አሁኑኑ ቀይሪና ከቦርዱ ላይ አንሺው። የስፌት መኪናውንም ወደ በሩ አንድ ክንድ ያህል ማስጠጋት ይቻል እንደሆነ ያኔ ጠይቂው፤ በሥራ ሰዓት ሳይሆን ማታ ሊዘጋ ሲል።

ቅዳሜ ስታቀርቢ ስድስቱን ፎቶዎች በቅደም ተከተል በቃልሽ ተናገሪ፤ ለእያንዳንዱ ቦርዱ ላይ ያለውን ቁራጭ በጣትሽ እያሳየሽ። ከጀርባው ላይ ደግሞ ስምሽን፣ እያንዳንዱ ፎቶ ከየትኛው መጽሔት እንደተቆረጠና የሚታወቅ ከሆነ የፎቶ አንሺውን ስም ጻፊ። ስሙ ብዙ ጊዜ በገጹ ጠርዝ ላይ በደቃቅ ፊደል ስለሚጻፍ ከመቁረጥሽ በፊት ፈልጊው።